ለጋሼ እጅ የሚሆን ቅባት

የባንዱ ጥገና ክፍል ከመለማመጃው አዳራሽ በስተጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጫፉ ላይ ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ የውሃ ገንዳ። ግድግዳው ላይ የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ የተረሳ የነሐስ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ሲያዩት የተዝረከረከ ይመስላል። መደርደሪያው ግን ሌላ አገር ነው፤ ጠርሙሶቹ ከቀጭን ወደ ወፍራም ተሰልፈው ቆመዋል። በግራ በኩል እንደ ውሃ የሚፈስሰው ዘይት፣ ከዚያ መካከለኛው፣ ከዚያ ወፍራሙ፣ ወደ ቀኝ ዳር ደግሞ የግራሶ ቆርቆሮዎቹ። ጠርሙስ አንስቶ ካለቦታው የመለሰ ሰው መሣሪያው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ምክር ይሰማል።

የመደርደሪያው ባለቤት ነፊዎቹ እትዬ ቅባት የሚሏት ሴት ናት። ስሙን ያወጣላት ቱባ የሚሉትን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ የሚነፋው ሰው ነው። እሱን ደግሞ በርሜል ይሉታል፤ ቱባውን አቅፎ ሲቀመጥ የቱ ሆዱ፣ የቱ ቱባው እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። እሷ ናት በርሜል ያለችው። እሱም ሳይውል ሳያድር፣ "እኔ በርሜል ከሆንኩ አንቺ ቅባቱ ነሽ" ብሎ መለሰላትና ሁለቱም ስም ጸና።

ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። የቤታቸው የፊት ክፍል በተፈታታ መኪና የተሞላ ስለነበር ልጆቹ ምሳ የሚበሉት መርፌውንና መዘውሩን ገፋ አድርገው ነው። ሰውዬው ዘይት ሲገዛ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አያነብም። አንድ ጠብታ አውራ ጣቱ ላይ ያኖርና ከሌባ ጣቱ ጋር ያሻሸዋል፤ ቀስ ብሎ ጣቶቹን ያላቅቅና ክሩ እስከ የት ተስቦ እንደሚበጠስ ያያል፤ ከዚያ ያሸተዋል። "ዘይት የሚጠየቀው በሁለት ጣት ነው" ይል ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ መጥተው፣ "እኔ ስሰፋ ፈጣን ነኝ፣ ለኔ ቀጠን ያለውን አድርግልኝ" ሲሉት ደግሞ፣ "ዘይት የሚመረጠው ለዕቃ ነው፣ ለሰው አይደለም፤ የምትፈልገውን መኪናዋን ራሷን ልጠይቃት" ብሎ ይመልሳቸዋል። ልጅቷ ሁለቱንም አባባሎች ከነድምፁ ያዘቻቸው። በመጀመሪያው እንጀራዋን በላችበት። ሁለተኛው ግን በኋላ ወንድሟን ጎዳባት።

ወንድሟ አንድ ነው፣ ታላቋ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው እነሱን አይቶ ይመስላል፤ እሷ አጭርና ምላሷ የማያርፍ፣ እሱ ረጅም፣ ቀጭንና ቃል ቆጣቢ። ጋሼ ትለዋለች፤ እኛም ከእሷ ሰምተን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ትሮምቦን ነፊ ነው። ወደ ባንዱ ያመጣትም እሱ ነው። ከአንድ የአደባባይ ሰልፍ በፊት አንዱ ነፊ የትራምፔቱ ቫልቮች እንዲለሰልሱለት ብሎ የምግብ ዘይት አፈሰሰባቸው። ዘይቱ ሰንብቶ እንደ ሙጫ ያዘ፤ ቫልቮቹ ጣት ሲጫናቸው ይወርዳሉ፣ ተመልሰው አይወጡም። ጋሼ ትራምፔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤት ወሰደው። እህቱ ቫልቮቹን አወጣች፣ በላምባ አጠበች፣ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ደገመች፣ አደረቀች፣ የአባቷን ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችባቸው። ትራምፔቱ ሲመለስ የያኔው የባንዱ መሪ፣ ሁላችንም መምህሩ የምንላቸው ሰው፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ተጭነው፣ "ይቺን ልጅ አምጧት" አሉ። መጣች፤ በዚያው ቀረች።

ሥራዋ ላላወቀው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ጠርሙስ ማንሣትና ማፍሰስ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአዲስ ትራምፔት ውስጥ ቫልቩና የሚወርድበት ቤት ልክ በልክ ናቸው፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። ለሱ ቀጭኑ ዘይት ነው። ወፍራም ከገባበት ቫልቩ ጣት ከተነሣለት በኋላ ልውጣ አልውጣ እያለ ያስባል። ብዙ ዘመን የተነፋበት መሣሪያ ግን ተበልቷል፣ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ትንፋሽ ያሾልካል። ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ሞልቶ ትንፋሹን ያስቀርለታል። ድምፁን ለማቃናት ትንሽ ሳብ ወይም ገፋ የሚደረገው የማስተካከያ ቱቦ ደግሞ ዘይት አይወድም። እዚያ የሚገባው ግራሶ ነው፤ ያ ቱቦ ሥራው መንሸራተት ሳይሆን ባስቀመጡት ቦታ መቆየት ነው። የትሮምቦን ስላይድ፣ ማለትም ነፊው በቀኝ እጁ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋው ረጅም ቱቦ፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስስ ቅባት ይቀባና ውሃ እፍ ይባልበታል፤ ከዚያ ትንሽ እንኳ መያዝ የለበትም። ጥሩ ስላይድ ቁልቁል ሲያዘነብሉት በራሱ ክብደት ይወርዳል።

የእትዬ ቅባት ኩራት ያ ነበር። የጋሼን ትሮምቦን አዘንብላ ስላይዱን ትለቀውና ከታች በመዳፏ ትቀበለዋለች። "ውሃ ነው" ትላለች። ሌላ ሙገሳ አያስፈልጋትም።

ነፊዎቹ ግን እንደ አባቷ ደንበኞች ናቸው፤ ሁሉም የራሱ ትእዛዝ አለው።

"እትዬ፣ ለቱባዬ ዛሬ ከቀጭኗ ጠብ አድርጊልኝ፣ ፈጣን ዜማ አለብን" ይላታል በርሜል።

"ቱባህ አርጅታለች። ቀጭን ብሰጣት በየቀዳዳው ትተነፍሳለች።"

"እኔስ?"

"አንተማ ድሮም ትተነፍሳለህ። ወፍራሙን እንካ፣ ሂድ። ዘይት ለዕቃ ነው የሚመረጠው።"

መምህሩ ታመው አልጋ ሲይዙ ባንዱን ተማሪያቸው የነበረ ወጣት ተረከበ። ሕመማቸው የማይመለስ መሆኑን ሲያውቁ አዲሱን መሪና ጋሼን አስጠሩና ኑዛዜ የሚመስል ነገር ተናገሩ። ሲቀበሩ እንዲነፋላቸው የሚፈልጉት ዜማ አለ። ቀርፋፋ ነው፤ መግቢያውን ትሮምቦን ብቻውን ይነፋል፣ ሌላው ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል። "መግቢያዋን እሱ ይንፋት" አሉ በአገጫቸው ወደ ጋሼ እያመለከቱ። ከዚያ ወደ መሪው ዞረው፣ "ደግሞ ሳትለማመዱ እንዳትቀብሩኝ" አሉ።

ስለዚህ ሰውዬው በሕይወት እያሉ ቀብራቸውን መለማመድ ጀመርን። ከባድ ነገር ነው። በርሜል እንኳ በዚያ ዜማ ላይ ቀልዶ አያውቅም። ለጋሼ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ትሮምቦን አያያዝ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አባቱ የሞተ ጊዜ በተፈታታው የስፌት መኪና መሐል ከጎኑ ተቀምጠው የዋሉት እሳቸው ናቸው። ያቺን መግቢያ ሌላ ሰው ነፍቷት እሱ ቁጭ ብሎ ከሰማ፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው አይሆንም ነበር።

ስላይዱ የከበደው በዚያው ሰሞን ነው። እትዬ ቅባት እንደ ልማዷ ትሮምቦኑን አዘንብላ ለቀቀችው። አልወረደም። በእጇ ገፋችው፤ እየተጎተተ ሄደ። ጣቷን አስነክታ ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው። ግራሶ ነው። ያውም የማስተካከያ ቱቦ ግራሶ፣ ከራሷ ቆርቆሮ የወጣ።

ጨርቁን እንደያዘች ወደ አዳራሹ ወጣች። "ማነው ትሮምቦን በግራሶ የለሰነው?"

"እኔ ቅባት የምነካው ሳህን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው" አለ በርሜል።

ጋሼ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ "ተይው፣ ይመቸኛል" አለ።

"ምኑ ነው የሚመችህ? የበር ማጠፊያ ነው እንዴ?"

"ተይው አልኩሽ እኮ፣ እቴ።"

አልተወችውም። አጠበችው፣ ወለወለችው፣ ስሱን ቅባት ቀባችው፣ ውሃ እፍ አለችበት፣ አዘንብላ ለቀቀችው። ወረደ። ትሮምቦኑ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ግራሶው ተመልሷል። እንደገና አጠበች። የግራሶውን ቆርቆሮ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ጋሼ በእርጅና ነገር የሚያበላሽ ሰው እየሆነ ነው ብላ አዘነች፤ አዝና ግን እጇን አላጠፈችም። መሣሪያ እያየች እንዲበላሽ መተው አልፈጠረባትም።

ከዚያ አንድ ቀን የትሮምቦኑን ሳጥን ስትከፍት፣ ከመወልወያው ጨርቅ ሥር የተደበቀ የቫዝሊን ብልቃጥ አገኘች። ወንድሟን ወደ ጥገና ክፍል ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ሥራዬን ካልወደድከው ንገረኝ። ከኔ ተደብቀህ ቫዝሊን? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?"

"ማን ይሰማል?"

"ለስላይድህ ሰንፌ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅሁትን መሣሪያ እንደ ተሰነጠቀ ከንፈር ቫዝሊን ትቀባዋለህ?"

"እቴ፣ አንዳንዴ ሰው የሚልሽን ስሚ።"

"እኔ የምሰማው ዕቃውን ነው።"

ጋሼ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ አስገባና ወጣ። ያ እጅ ኪስ ውስጥ መኖር ከጀመረ ቆይቶ ነበር። እሷ ብርድ ነው ብላ ጓንት ልትገዛለት አስባ ነበር።

ሐኪሙ መምህሩ ብዙም እንደማይቆዩ ሲናገር መሪው ባንዱን በሙሉ ለልምምድ ጠራ። እትዬ ቅባት ለዚያ ልምምድ በዘመኗ ከሠራችው ሁሉ የተሻለ ሥራ ሠራች። ቱቦዎቹን ከውስጥም ከውጭም አጠበች፣ ዘንግ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ወለወለች፣ በብርሃን አየች፣ ደግማ ወለወለች። ቅባቱን ስስ አድርጋ ቀባች። አዘንብላ ስትለቀው ስላይዱ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አዳራሹ በር ላይ ቆማ ለጋሼ አቀበለችው። ተቀበላትና አንዴ ገፋ መለስ አድርጎ ቀና ብሎ አያት።

"አጸዳሽው።"

"አጸዳሁት።"

መሪው እጁን አንሥቶ ነበር። መመለሻ ጊዜ አልነበረም።

ጋሼ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ያሉት፣ ስላይዱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድባቸው ድምፆች፣ እንደ ድሮው ወጡ። ከዚያ ረጅሙ ድምፅ መጣ፣ ስላይዱ አንድ ቦታ ቆሞ የሚጠብቅበት። ድምፁ መንገዳገድ ጀመረ። ነፊ ለማሳመር ብሎ የሚያርገበግበው ዓይነት አይደለም፤ ብርድ የያዘው ሰው ጥርስ ይመስል ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ጨበጥ አደረገው። ሲጨብጠው ባሰ። ያን ጊዜ ትሮምቦኑን ከከንፈሩ አላቀቀና ጉልበቱ ላይ አኖረው። በርሜል ወለሉን ያይ ነበር።

እትዬ ቅባት በሩ ላይ ጨርቋን እንደያዘች ቆማ አየችው። የተንቀጠቀጠው ስላይዱ አልነበረም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የጋሼን ያወጣው ቅባት ነው፣ ያውም የገዛ እህቱ ቅባት። እጁ ሲሠራ ደህና ነው፤ ቁም ሲባል ነው የሚንቀጠቀጠው። ግራሶ የማስተካከያውን ቱቦ ባለበት እንደሚያቆመው ከእሷ መደርደሪያ ተምሯል፤ እጄንም ያቆምልኛል ብሎ ነው የቀባው። እሷ ደግሞ ድጋፉን በሳሙና እያጠበች ስትደፋበት ከረመች።

ልምምዱ ሲበተን መሪው ወደ ጥገና ክፍል መጣ። ልጅ ሳለ ጀምሮ የምታውቀው ስለሆነ አንተ ነው የምትለው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የሚያናግራት። ወንበሩን ስቦ አልተቀመጠም።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መሣሪያው ነው ወይስ ጋሼ ናቸው?"

መሣሪያው ነው ብትል ያምናት ነበር። ጠረጴዛውን በጨርቋ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

"መሣሪያው ደህና ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል" አለች። "ዛሬ እንደዚያ አድርጌ ሰው ፊት ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ለዚያ እጅ የማይሆን ቅባት ቀባሁለት።"

"የሚሆን አለ?"

"አላውቅም። ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም።"

መሪው ወደ መደርደሪያው ጠርሙሶች ተመለከተ። "ሌላ ነፊ ማዘጋጀት አለብኝ። መምህሩን መሐል ላይ በተቋረጠ ዜማ ልቀብራቸው አልችልም። እስከ ዓርብ ልጠብቃችሁ። ያን ቀን ሰምቼ እወስናለሁ።"

"ልክ ነህ" አለችው። ልክም ነበር።

ጋሼ ትሮምቦኑን ወንበር ላይ ትቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። እሷ ሳጥኑን በአንድ እጇ፣ ጠርሙሶቹንና ግራሶውን በዘንቢል አድርጋ በሌላው ይዛ ተከተለችው። የሚኖረው ብቻውን ነው፣ ደረጃው ብዙ በሆነ ሕንጻ ላይ፣ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ማድ ቤት። በሩን ከፍቶ ዘንቢሉን አየ፤ መንገድ ለቀቀላት። እሷ የማድ ቤቱን ጠረጴዛ አጽድታ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፈችበት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ጋሼ።"

"ለሐኪም መች ደበቅኩ? መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። የደበቅኩት ለአንቺ ነው።"

"ለምን?"

"ልጠግንህ ትይኛለሽ ብዬ።"

ጋዜጣው ላይ ጠርሙሶቹን ከቀጭን ወደ ወፍራም አሰለፈች። ከዚያ፣ "እጅህን አምጣ" አለችው። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። በሁለት መዳፏ መሐል ያዘችው። ዓይኗን ጨፍና፣ አባቷ ጠብታውን በጣቶቹ እንደሚያዳምጠው፣ አዳመጠችው። አጭር አጭር ነው፤ አያርፍም።

"ስገፋ ይተወኛል፣ ሳቆም ይነሣብኛል" አላት።

"አውቄያለሁ።"

ሥራ ጀመሩ። ስላይዱን አጥባ ግራሶውን ብቻውን ቀባችው። ጋሼ ነፋ። ረጅሙ ድምፅ ጸንቶ ቆመ፤ ግን ከዚያ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ስላይዱ መጀመሪያ ነከሰ፣ ቀጥሎ ዘለለና ቦታውን አለፈው። አጠበች። ግራሶውን የሻይ ሳህን ላይ አድርጋ በቀጭኑ ዘይት አላላችው። ተንቀጠቀጠ። አጠበች። በመካከለኛው አላላችው።

"አሁንስ?"

"ይነክሳል።"

ወፍራሙን የቫልቭ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ በክብሪት እንጨት አዋሐደችው፣ በሁለት ጣቷ አሻሽታ ክሩን አየችና፣ "በቃ፣ ይሄ ነው" አለች።

ጋሼ ነፋ። "አይደለም" አላት።

ልትከራከር አፏን ከፈተች። ጣቷ እንዲህ ብሎ ዋሽቷት አያውቅም። ወንድሟን አየችውና አፏን ዘጋችው።

"ምን ይፈልጋል?"

"ሲነሣ ትንሽ ይለስልስልኝ። ሲቆም ግን አሁን እንዳለው ይያዝልኝ።"

ቫዝሊኑንም ሞከሩት፤ እጁ ሲሞቀው እየቀለጠ ጠባዩን ይለውጣል፤ ተውት። መጨረሻ ላይ ያችኑ በወፍራም ዘይት የላላች ግራሶ መለሰችና ቱቦውን በሙሉ መቀባቱን ትታ የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ከውጭኛው ጋር የሚነካካበት ቦታ፣ ስስ አድርጋ አኖረቻት። ሌላውን ደረቅ ጨርቅ አሳለፈችበት። ጋሼ ነፋ። ረጅሙ ድምፅ መጣና ቆመ። ጆሮ ለሚያውቅ ሰው እታች ላይ ትንሽ ነገር ነበረበት፤ ሩቅ ያለ መብራት ብልጭ ብልጭ እንደሚለው። ከዚያ ስላይዱ ተነሣ፣ ሄደ፣ ባሉት ቦታ አረፈ።

"በዚህ ፈጣን ዜማ አይነፋም፣ ጋሼ። እወቀው።"

"ቀብር ነው፣ እቴ። ማን ያባርረናል?"

ዓርብ መሪው ሰማ። አንገቱን ነቀነቀና፣ "ይሁን" አለ። ቢሆንም ሁለተኛውን ትሮምቦን ነፊ መግቢያዋን እንዲያጠናና ከጋሼ ጎን እንዲቆም አዘዘው። ማንም በዚህ አልተቀየመም።

መምህሩ ሲያርፉ ወቅቱ ብርድ ነበር። የቀብሩ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል፣ ነፋሱም ክፉ ነው። እትዬ ቅባት ከሁሉ በላይ የፈራችው ይህን ነው። ግራሶ ሲበርደው ይጠነክራል፤ ማድ ቤት ውስጥ የተመረጠው ቅባት መቃብር ዳር ሌላ ቅባት ነው። ስለዚህ ስላይዱን ከትሮምቦኑ አላቀቀችው፣ በሱፍ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ካፖርቷ ሥር ከጎድኗ ጋር አጣብቃ ያዘችው። ረጅም ስለሆነ ጫፉ በአንገቷ በኩል ብቅ ብሏል። እንደዚያ ሆና ከሰልፉ ጎን ሄደች።

"እትዬ፣ ሳንሰማ ወለድሽ እንዴ?" አለ በርሜል በቀስታ።

"ዝም በል። እንዳይበርደው ነው።"

በርሜል ካፖርቷን አየ፣ ጋሼን አየ፤ ገባው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዞሮ ከነቱባው እንደ ግድግዳ ቆመላት፤ ተራው እስኪደርስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

የአስከሬኑ ሣጥን ወደ ጉድጓዱ ሲቀርብ መሪው ወደ እሷ ተመለከተ። ስላይዱን አወጣች፣ ትሮምቦኑ ላይ ገጠመችው፣ ጋሼ እጅ ላይ አኖረችው። ነሐሱ ከገላዋ ሙቀት ወስዶ ነበር። ጋሼ ሲይዘው ሙቀቱ ተሰማው፤ ግን አላያትም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሣጥን ነበር የሚያየው።

ነፋ። ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ሲያይ እሷ የምታየው ስላይዱን ብቻ ነበር። ተነሣ፣ ሄደ፣ አረፈ። ረጅሙ ድምፅ መጣ። ቆመ። ነፋሱ እየገፋው፣ አመዳዩ ላይ እየሄደ፣ ድምፁ ጸንቶ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ ብርዱ ቅባቱን ቀድሞት ስላይዱ ዘገየና ድምፁ ከታች ወደ ቦታው ወጣ። መምህሩ ቢሰሙ ቅንድባቸውን ያነሡ ነበር። ለቀብር የመጣው ሰው ግን ኀዘን ነው ብሎ ነው የሰማው፤ ተሳስቷል ማለትም አይቻልም። ከዚያ መሪው እጁን ወደ እኛ አዞረና ሁላችንም ገባን። ጋሼ ያን ጊዜ ትሮምቦኑን ዝቅ አደረገው። ከጎኑ የቆመው ሁለተኛው ነፊ የእሱን ድርሻ ተቀብሎ ቀጠለ። እንዲህ እንዲሆን ጋሼ ራሱ ነው ጠዋት የነገረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ሳጥኑን ይዞ ወደ ጥገና ክፍል መጣ። ትሮምቦኑ የባንዱ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"አጽጂው" አላት።

"ጋሼ..."

"ለሚቀጥለው ነፊ ይከብደዋል።"

ገንዳውን ለብ ባለ ውሃ ሞላች፣ ሳሙና ጨመረች። ስላይዱን አወጣችና ውሃ ሞልታበት ውጭኛውን ቱቦ አስያዘችው፤ እሷ የውስጠኛውን ታሻለች። ውሃው ከቱቦው አፍ ይረጭ ጀመር።

"ሳታነቃንቅ ያዘው" አለችው። ከልማድ ነው የወጣት። አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች።

ጋሼ የሚንቀጠቀጠውን ቱቦ አየ። "ተይው፣ ይሠራልሽ" አለ። "ብሩሽ እኮ እንዲህ አያሽም።"

እትዬ ቅባት ቀጭኑን ጠርሙስ ላምጣ ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ጠርሙሱ የት እንዳለ ጨለማ ውስጥም ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ገንዳው እስክትመልስ ቆየች። የሻይ ሳህን ላይ የተሠራችው ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ሆና፣ ከወፍራሙ ዘይትና ከግራሶው መሐል ቦታ አግኝታለች። ምልክት የላትም።

አጥበው ሲጨርሱ ሁለተኛው ነፊ ትሮምቦኑን ሊወስድ መጣና በሩ ላይ ቆመ። የባንዱ አንደኛ ትሮምቦን ነፊ ሊሆን ነው፤ ደስታውንም ሐፍረቱንም የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

"ግባ" አለችው እትዬ ቅባት እጇን በጨርቅ እያደረቀች። "እስቲ እጅህን አሳየኝ።"

"እጄን? እትዬ፣ መሣሪያውን ነው እኮ ልወስድ የመጣሁት።"

"መሣሪያውን አይቼዋለሁ" አለችው።